ደቃቁ ፊደል

ተቀመጪ፣ ብሪታ፤ ሳህኑን ልሰብስብ፤
ፖስታውን ክፈቺው፣ አብረን እናንብብ።
መጋቢት ገብቶ እንኳ ሐይቁ ድንጋይ ነው፤
የዱሉዝ ወደብም መርከብ የናፈቀው።
እማዬ ሌሊቱን በረዶ ስትጠርግ አድራ
ገና ጋደም አለች፤ በሹክሹክታ እናውራ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» ይላል በወርቅ ቀለም፤
«ሽልማትሽ» ይላል፤ ድምሩም ግሩም።
ቀስ በይ። ሽልማት ሁሉ ሽልማት አይደለም።
ይህ መስመር ስጦታ ነው፤ መልስ የለውም፣ ያንቺ ነው፤
ይህኛው ሥራ ነው፤ መጻሕፍት ደርድረሽ የምታገኚው፤
ከታች ያሉት ሦስቱ — ጣትሽን እዚህ ጋ አድርጊው —
ብድር ናቸው፣ እህቴ፤ የስጦታ ልብስ ተውሰው
ከስጦታው ተርታ ባንድ ወንበር ተቀምጠው።

ወለድ ያሉት ሰዎች በከንቱ አላሉትም፤
ገንዘብ ይወልዳል፤ ሌሊትም አይተኛም።
የመጀመሪያው ብድር እስክትመረቂ መካን ነው፤
ትምህርት ላይ ሳለሽ ወለዱን መንግሥት ነው የሚችለው።
ሁለተኛው ግን ገና ደብተር ሳትገዢ
አርግዟል። ጥቁር ካባ ለብሰሽ ፎቶ ስትነሺ
ልጆቹ ከኋላሽ ተሰልፈው ይቆማሉ፤
«እማዬ» ይሉሻል፣ «ራበን» ይላሉ።

ሦስተኛውን እለፊው። እሱን ኋላ እናየዋለን።

ይህ ሌላው ፖስታ የባንክ ነው። ወረቀቱ ያምራል፤
«ከአራት ከመቶ ጀምሮ» እያለ ይጣራል።
«ጀምሮ» የምትለዋን በእርሳስ አስምሪባት፤
እኔ በአሥራ ስምንት ዓመቴ በሩጫ አለፍኳት።
በር ናት እንጂ ቤት አይደለችም፤ ቤቱ ከጀርባዋ ነው፤
ወለዱም እንደዚህ ሐይቅ አየር ጠዋት ማታ ይለዋወጣል።
ግርጌው ላይ ደግሞ እንደ ጉንዳን የሚተራመሰው
ደቃቅ ፊደል አለ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው።

እኔን ዋስ አምጣ አሉኝ። አጎት አይናር ዘንድ ሄድኩ፤
ጀልባው ላይ መረብ ሲጠግን ወረቀቱን ዘረጋሁ።
ዓሣ የነካ እጁን በሱሪው ጠረገና
«የቱ ጋ?» ብሎ ፈረመ፤
አላነበበውም፣ እኔም አላነበብኩምና።

በሁለተኛው ዓመት ትምህርቱን ተውኩት፤
ብድሩ ግን እኔን አልተወኝም።
ወረቀት ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ ሦስት ወር ሳልከፍል ቀረሁ፤
ደብዳቤው የሄደው ወደ እኔ አልነበረም።
በጸደይ አይናር ዘንድ ብቅ ስል ቀዩ ጀልባ የለም።
«አርጅቻለሁ፣ አርለን» አለኝ። «ዓሣውም አልቋል።»
ሁለቱም ውሸት ነበር።

ሠላሳ አራት ሞላኝ። የተበደርኩት ሃያ ሁለት ሺህ ዶላር፤
አሥራ አራት ዓመት ከፍዬ የቀረኝ — አትሳቂ — ሃያ ሺህ ዶላር።
ዋስ ልሁንሽ ብልም ስሜን ባንክ አያምነውም፤
ከዚህ መነጽር በቀር የማበድርሽ የለኝም።

ዝም አልሽ። እርሳሱን ከጠጉርሽ መዘዝሽ፤
በባንኩ ፖስታ ጀርባ ቁጥር ደረደርሽ።
ወርቅ ቀለም የሌለውን፣ የሰፈራችንን ኮሌጅ ደብዳቤ ሳብሽና
«ሁለት ዓመት እዚህ፣ ሁለቱን እዚያ» አልሽ፤
ደመርሽ፣ ቀነስሽ፣ ደመርሽ እንደገና።

ያን ጊዜ በሩ ሲጢጥ አለ። እማዬ ናት፤
ዓይኗ ቀልቷል፤ ብርድ ልብሱ ከትከሻዋ አልወረደላት።
ለካስ አልተኛችም፤ ሁሉንም ሰምታለች።
አጎንብሳ ሦስተኛውን መስመር አነበበች፤
«የወላጅ ብድር» ይላል።
«የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» አለች።

አንቺ መልስ አልሰጠሽም።
መዳፍሽን ዘርግተሽ መስመሩን ሸፈንሽው።